ዳገት ላይ የቀረው ታኮ

ተረት ልጀምር ነው። ጆሮው የነቃ ቀረብ ይበል፣ እንቅልፍ የመጣበት ግድግዳውን ይደገፍ፤ እንዳያንኮራፋብን ብቻ። እኔ «ልንገራችሁ?» ስል እናንተ «ንገረን» በሉ። ልንገራችሁ? አልሰማሁም። ልንገራችሁ? ተባረኩ፣ አሁን ሰማሁ።

በድሮ ጊዜ ነው አሉ፣ ድንጋይ ሲናገር መኪና ይመልስለት በነበረበት፣ አህያም መንዳት ልማር ብላ በተነሳችበት ዘመን። «በድሮ ጊዜ መኪና ነበር ወይ?» የሚል ካለ ይምጣና ተረቱን እሱ ይንገር፣ እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። የለም? እንግዲያው ዝም ብላችሁ ስሙ።

አንድ ዳገት ነበረ። አንጋጠው ሲያዩት ቆብ የሚያስጥል ዳገት። ከሥሩ ሜዳ አለ፣ ከጫፉ ሰማይ አለ። ከጫፉ ማዶ ምን እንዳለ ግን ሜዳ ላይ የቆመ አያውቅም። እዚያ ዳገት ወገብ ላይ አንድ ድንጋይ ይኖር ነበር፣ ስሙ ታኮ። ሥራውም ይኸው ነው፤ መኪና ዳገቱ መሃል ሲቆም አንስተው ከኋላ ጎማው ሥር ያስገቡታል፣ እሱም ጎማውን ደግፎ ወደኋላ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ባንድ ጎኑ ወፍራም፣ ባንድ ጎኑ ሳሳ ያለ፣ ጎማ ሲያሸው ኖሮ የለሰለሰ።

ታኮ አንድ ምኞት ነበረው፣ ከዳገቱ ማዶ ያለውን ማየት። ጀንበር ወደዚያ ትገባለች። ደመና ወደዚያ ይሄዳል። መኪናም ወደዚያ ይሄዳል። ሄዶ የተመለሰው ሁሉ «ማዶማ፣ ምኑ ይወራል» ይልና ዝም ይላል፤ ወይ አያወራ፣ ወይ አይተወው። ታኮ ደግሞ ድንጋይ ነው። ካላነሱት አይነሳም፣ ካልወሰዱት አይሄድም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወደ ጫፉ እያየ በዓይኑ ይሸኛታል።

ከዳገቱ ሥር መንዳት የሚያስተምሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ አባ እስስት። ከፊት መስታወቱ ሥር ተለጥፈው፣ ባንድ ዓይናቸው የፊቱን፣ ባንድ ዓይናቸው የኋላውን ስለሚያዩ ስፖኪዮ አያስፈልጋቸውም። ሲናደዱ ይቀላሉ፣ ሲፈሩ ይገረጣሉ፣ ሲደሰቱ አረንጓዴ ይሆናሉ። ተማሪው ማለፍ መውደቁን ሊጠይቃቸው አይደፍርም፤ መልካቸውን አይቶ ያውቃል። እሳቸው አረንጓዴ ሆነው የታዩት ግን ጥቂት ቀን ነው።

መኪናቸው እማማ ዘገየች ትባላለች። አሮጊት ናት። ማርሿ በእጅ ነው የሚቀየረው፣ ሲቀየርም «ገጭ» ይላል። መርገጫዋ ሦስት ነው፤ ነዳጅ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን። ነዳጅና ፍሬኑን ቀኝ እግር ያስተዳድራቸዋል፤ ፍሪሲዮን ግን የግራ እግር ጣጣ ነው። ሲረግጡት ሞተርና ጎማ ይለያያሉ፣ ሲለቁት ይገናኛሉ። ቀስ ብሎ ማገናኘት ነው ትምህርቱ። ቶሎ የለቀቀው እንደሆነ ሞተሩ ይጠፋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ እማማ ዘገየች ወደኋላ ትንሸራተታለች፤ ያኔ ታኮ ይድረስ።

የአባ እስስት ሕግ ደግሞ እንዲህ ነው። እማማ ዘገየችን ዳገቱ መሃል አቁሞ፣ ጎማዋ ተንሸራቶ ታኮውን ሳይነካ አስነስቶ ወደፊት የሄደ፣ ያሻው አገር ድረስ ነድቷት ይመልሳታል። ፈተናው ሦስት ጊዜ ነው። በሦስተኛው የወደቀ እስከ ከርሞ ይጠብቃል።

መጀመሪያ ፍየል መጣች። ሞተሩ ጠፋባት፣ ታኮ ያዛት። «ታኮ ወንድሜ፣ አደራህን አጥብቀህ ያዘኝ፤ ያወቅሁ ቀን ይዤህ እሄዳለሁ» አለችው። ያወቀች ቀን ሽቅብ ሄደች፣ ታኮ ቀረ። ቀጥሎ ውሻ መጣ። ሞተሩ ጠፋበት፣ ታኮ ያዘው። «ታኮ ወንድሜ፣ አደራህን አጥብቀህ ያዘኝ፤ ያወቅሁ ቀን ይዤህ እሄዳለሁ» አለው። ያወቀ ቀን ሽቅብ ሄደ፣ ታኮ ቀረ። ከዚያ አውራ ዶሮ መጣ። እሱም ጠፋበት፣ እሱም አደራ አለ፣ እሱም አወቀ፣ እሱም ሄደ። እንዲያውም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጮኸ። ታኮ ቀረ።

ዋሾዎች ናቸው እንዳትሉ። ሲናገሩ ከልባቸው ነበር። ነገሩ ግን ዳገት ላይ የተነሳች መኪና ደግማ አትቆምም፤ ከቆመች እንደገና ማስነሳት ሊመጣ ነው፣ ማን ይደፍራል? ስለዚህ ያወቀ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ፣ ሳይቆም፣ ዞር ሳይል ይሄዳል። ታኮን የሚፈልገው መሄድ ያልቻለው ነው። መሄድ የቻለው ደግሞ ታኮን አይፈልግም። ይቺን ነገር ታኮ ቁጭ ብሎ ሲያስባት ውሎ ሲያስባት ያመሻል።

እስቲ እናንተም መንገድ ስትሄዱ እዩ። መሃል አስፋልት ላይ ስንቱ ድንጋይ ቁጭ ብሏል። ጎማ የቀየረው ሾፌር ተነስቶ ሄዷል። ከኋላ የመጣው «ማን ነው ይሄን እዚህ ጥሎ የሄደው?» ብሎ ይሳደባል። ድንጋዩም እኮ የሚለው እንደዚያው ነው። ከመካከላችሁ መኪና የሚነዳ አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል።

አንድ ቀን እትዬ በቅሎ መጣች። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፋባት፣ ታኮ ያዛት። ደግማ ጠፋባት፣ ታኮ ያዛት። በሦስተኛው መሪውን በጥፊ መታ አድርጋ ወረደች። «እኔ ከገዛ እግሬ ጋር ልጣላ አልተወለድኩም» አለች። ሄዳ ስትመለስ ማርሿን ራሷ የምትቀይር፣ መርገጫዋ ሁለት ብቻ የሆነ ነጭ አውቶማቲክ መኪና ይዛ መጣች። ዳገቱ መሃል ስትደርስ እዩኝ ለማለት ያህል አቆመቻት። ነጯ መኪና ንቅንቅ አላለችም።

ታኮ ልማድ ሆኖበት «ልግባልሽ?» አላት።

«አይ፣ አትልፋ፣ እኔ አልንሸራተትም» አለችው ነጯ መኪና በትሕትና።

«ማርሽስ?»

«ራሴው እቀይረዋለሁ።»

«ሲነዱሽ ምን ይሉሻል?»

ነጯ መኪና ጥቂት አሰበች። «ምንም አይሉኝም» አለች። «እማማ ዘገየችን የሚነዷት ‹ከበደሽ እንዴ? ልቀይርልሽ?› ሲሏት ከታች ይሰማኛል። እኔን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።» ይህን ብላ ድምፅ ሳታሰማ ሄደች። ክፉ መኪና አልነበረችም፤ እውነቱን ተናግራ ነው የሄደችው።

ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሁሉ «አውቶማቲክ እያለ ምን አለፋን» አለ። እውነታቸውንም ነው። የአባ እስስት ደጅ ጭር አለ። እማማ ዘገየች ላይ አቧራ ተኛ። የታኮ ዙሪያ ሣር አበቀለ። ድሮም የሚሄድ እንጂ የሚቆይለት አልነበረውም፣ አሁን ደግሞ የሚሄድም ጠፋ።

እመት አህያ የመጣችው ያኔ ነው። አመድማ ናት፣ ጀርባዋ ላይ የጭነት ኩርታን ጠባሳ አለ፣ ግራ እግሯን ሸብረክ ታደርጋለች።

«ምን ፈልገሽ ነው ልጄ? ጭነት ከሆነ እዚህ የለም» አሏት አባ እስስት።

«ጭነት ፈልጌስ አልመጣሁም አባ። መንዳት እንዲያስተምሩኝ ነው።»

አባ እስስት በግርምት ቢጫ ሆኑ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ስነዳ ኖርኩ» አለች እመት አህያ። «አንዴ ደግሞ እኔ ልንዳ። እናቴ ማዶ ናት። ጡቷን ሳልጠግብ ነው ወደ ገበያ ነድተው ያመጡኝ። ሳትሞት ልያት።»

«በእግርሽ አትሄጂም?»

«ባዶ ጀርባዋን መንገድ ላይ የታየች አህያ ማን ዝም ይላታል አባ? ያገኘኝ ሁሉ ይጭነኛል። ሦስት ጊዜ ወጥቼ ነበር። አንዴ ጨው ጭነው መለሱኝ፣ አንዴ እንጨት ጭነው መለሱኝ፣ አንዴ የሙሽራ ሶፋ ጭነው መለሱኝ። መሪ የጨበጠን ግን ማንም አይጭንም።»

አባ እስስት የምታነክስበትን እግር ባንድ ዓይናቸው አዩ። «ፍሪሲዮን በግራ እግር ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ አባ። ስመጣ እሱን እያሰብኩ ነው የመጣሁት።»

ትምህርት ተጀመረ። ሜዳው ላይ ደህና ነበረች። ለመጀመሪያው ፈተና ዳገቱ መሃል ሲደርሱ ግን የእጅ ፍሬኑን ስባ ወረደች፣ ታኮን በጥርሷ አንስታ ከኋላ ጎማው ሥር አስገባችው። እንደ ሌሎቹ አደራ አላለችውም። «ከበድኩህ እንዴ?» ነበር ያለችው። ታኮን እንዲህ ብሎ ጠይቆት የሚያውቅ አልነበረም።

ገባች። ፍሪሲዮኑን ረገጠች፣ አንደኛ ማርሽ «ገጭ» አለ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች። ታኮ ከሥር ሆኖ በኋላ መስታወቱ ያያታል። የሚታየው ሁለት ረጃጅም ጆሮ ብቻ ነው። ሁለቱም ጆሮዎች ወደኋላ፣ ወደ እሱ ዞረዋል። ወዲያው ሞተሩ ጠፋ፣ ጎማው መጥቶ ታኮ ላይ ተቀመጠ። አባ እስስት ቀሉ። አንደኛው ፈተና ሄደ።

እሷ ግን አልሄደችም። አባ እስስት ጥላ ፍለጋ ሲወርዱ፣ ታኮ አጠገብ ያለውን ሣር እየነጨች ቀረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁልጊዜ ከልምምድ በኋላ እንዲሁ ታደርጋለች።

«እናትሽን ታስታውሻታለሽ?» አላት አንድ ቀን።

«መልኳን አላስታውስም። ድምጿን ነው» አለች። «ነፋስ ከማዶ የመጣ ጊዜ ስታናፋ እሰማታለሁ። ሁለት ጊዜ ረዘም፣ አንዴ አጠር አድርጋ ነው የምታናፋው። እኔን መጥራቷ ነው። መልስ እንዳልሰጥ ድምፄ ሽቅብ አይወጣላትም። አንተስ? የሚጠራህ አለ?»

«የለም። ግን ማዶው ራሱ የሚጠራኝ ይመስለኛል። ምን እንዳለ እንኳ አላውቅም እኮ። የማላውቀው ነገር ለምን እንደሚናፍቀኝ አይገባኝም።»

«እሱ ነው የባሰው ናፍቆት» አለች እመት አህያ፣ ሣሯን እያላመጠች። እንደዚህ ሲጨዋወቱ ነፋስ መጣ። ሁለት ረዘም፣ አንድ አጠር። ሁለቱም ሰሙ። የእመት አህያ ዓይን እንባ አቀረረ፣ ታኮም ድንጋይ ባይሆን ያለቅስ ነበር።

ሁለተኛው ፈተና ደረሰ። ታኮን አስገባችው፣ «ከበድኩህ እንዴ?» አለችው፣ ገባች፣ ማርሹ «ገጭ» አለ። ታኮ ቀና ብሎ አየ፤ ጆሮዎቿ አሁንም ወደ እሱ ዞረዋል። ሞተሩ ጠፋ። ጎማው ታኮ ላይ ተቀመጠ። አባ እስስት ቀሉ።

ታኮ የዚያን ቀን አንድ ነገር ገባው። እማማ ዘገየች ፍሪሲዮኑ ቀስ እያለ ሲለቀቅላት «ልሂድ... ልሂድ...» እያለች ትናገራለች። ፍየልም ውሻም አውራ ዶሮም የሄዱት ይህን ሰምተው ነው። እመት አህያ ግን አልሰማችም፤ ጆሮዋ ኋላ ነው ያለው። ታኮ አለልኝ፣ ታኮ ይይዘኛል፣ ታኮን ከብጄው ይሆን፣ እያለች ነው ፍሪሲዮኑን የምትለቀው። በእግሯ አይደለም የወደቀችው። በእሱ ነው።

ታዲያ ነገራት? አልነገራትም። ክፋት አይደለም፣ ልብ በሉ። ጆሮውን ወደ እሱ ያዞረለት ሌላ ማንም አልነበረም። ብነግራት ታልፋለች፤ ካለፈች ትሄዳለች፤ ከሄደች ሣሩ እንደገና ይበቅላል። ታኮ አፉን ያዘ። ዝም ባለ ቁጥር ደግሞ ከጎማ ይልቅ ዝምታው ከበደው።

በዚህ መሃል እትዬ በቅሎ በነጯ መኪና መጥታ እመት አህያ አጠገብ አቆመች። «አንቺ ሞኝ፣ በዚያች አሮጊት ምን ያደክምሻል?» አለቻት። «አዲስ ላመጣ ነው። እስከ መከር መጨረሻ እህሌን ጫኝልኝና ነጯን ውሰጃት። እሷ ጋ ግራ እግር ሥራ የለውም። ትረግጫለሽ፣ ትሄጃለሽ።»

«እስከ መከር መጨረሻ» አለች እመት አህያ።

«ጫንቃሽ የለመደው ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለው?»

እትዬ በቅሎ ስትሄድ እመት አህያ ወደ ሣሯ ተመለሰች። ነጯ መኪና ለሷ እግር የተመቸች ናት፣ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። መከር ግን ሩቅ ነው።

በነጋታው ነፋስ ከማዶ መጣ። እመት አህያ ማላመጧን አቆመች። ነፋሱ ሣሩን አተኛ፣ አቧራ አስነሳ፣ አለፈ። ማናፋት የለም። ሁለተኛ መጣ፣ ምንም የለም። ሦስተኛ መጣ፣ ምንም የለም። የእመት አህያ ጆሮዎች እንደ ደረቀ ቅጠል ወረዱ።

«ሞታ ይሆን?» አለች።

ከዚያ ዝቅ ብላ ግራ እግሯን አየች።

«አሁንማ በዚህ እግሬ ሦስተኛውም ይጠፋብኛል። ከዚያ እስከ ከርሞ ነው። ነገ ወደ እትዬ በቅሎ እሄዳለሁ። መከሩ ቢረዝምም ከከርሞ ይሻላል። ልጫን፣ ምን ይደረጋል።» ይህን ብላ ግንባሯን ታኮ ላይ አስደገፈች። ግንባሯ ሞቃት ነበር።

ታኮ ያኔ አልቻለም። «አትሂጂ» አላት። «እግርሽ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ።»

«አንተ ምን አደረግክ?»

«ምንም። እዚያ መሆኔ ነው። ጆሮሽ ወደኔ ይዞራል፣ እማማ ዘገየች ስትናገር አትሰሚያትም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይቼዋለሁ። እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ። በይ አሁን አንስተሽ ወደ ዳር አድርጊኝ። ያለ እኔ ሞክሪ።»

እመት አህያ ግንባሯን ከታኮ ላይ አንስታ አየችው። ቅር እንዳላት ያስታውቃል። ቅር ያሰኛት ዝም ማለቱ ይሁን አሁን መናገሩ፣ እሷም አላወቀችውም። ከዚያ «እሺ» አለች።

በነጋታው ሦስተኛው ፈተና ሆነ። እመት አህያ ዳገቱ መሃል አቆመች፣ የእጅ ፍሬኑን ስባ ወረደች፣ ታኮን በጥርሷ አንስታ መንገዱ ዳር አስቀመጠችው።

አባ እስስት ገረጡ። «ያለ ታኮ? አብደሻል? ብትንሸራተች ሜዳው ድረስ ነው የምንወርደው፤ እኔ ደግሞ ልጆች አሉኝ።»

«እርስዎ መውረድ ይችላሉ አባ።»

አባ እስስት ሊወርዱ አንድ እግራቸውን አነሱ፣ መለሱ፣ ደግመው አነሱ። አካሄዳቸውን ታውቁታላችሁ። ወርደው ሳይጨርሱ ማርሹ «ገጭ» አለ፣ መስታወቱ ሥር ተጣብቀው ቀሩ።

ታኮ ከዳር ሆኖ ያያል። ጆሮዎቿ መጀመሪያ ወደ እሱ ዞሩ። «ወደፊት» አላት በልቡ። «ወደፊት አድርጊያቸው።» ጆሮዎቿ ቀስ እያሉ ዞሩ፣ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ተከትሎ። ሁለቱም ወደፊት ቆሙ። በግራ እግሯ ፍሪሲዮኑን እያነከሰች ለቀቀችው፤ ትንሽ ለቅቃ ታርፋለች፣ ትንሽ ለቅቃ ታርፋለች። ለካ ያ እግር ቀስ ማለትን ከማንም በላይ ያውቅ ኖሯል።

«ልሂድ...» አለች እማማ ዘገየች።

«ከበደሽ እንዴ?» አለች እመት አህያ።

«ምንም አልከበደኝ። ልሂድ... ልሂድ...»

«ሂጂ እማማ።»

እማማ ዘገየች አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ሄደች። አባ እስስት ከራስ እስከ ጅራታቸው አረንጓዴ ሆኑ። እመት አህያ በመስኮቱ «እመለሳለሁ ታኮ!» ብላ ጮኸች፣ ግን አልቆመችም። ሽቅብ ወጣች፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ሆነች፣ ጠፋች። ታኮ ቀረ።

ማርሽ ስትቀይር ግን ድምፁ እስከ ማዶ ይሰማ ነበር። ሌላው ሾፌር ሲቀይር «ገጭ» ብሎ ያልፋል። የእሷ ያነክሳል። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ያርፋል፣ ትንፋሽ ያህል ይቆይና ገጭ። ድምፁ እየራቀ እየራቀ እስኪጠፋ ታኮ አዳመጠው።

ሣሩ በቀለ። ነጯ መኪና በአጠገቡ ስታልፍ «ሄደች?» አለችው።

«ሄደች።»

«እኔ ብወስዳት ሳይደክማት ትደርስ ነበር።»

«አውቃለሁ» አላት ታኮ። «እግሯንም ባላመማት ነበር። ግን አንቺ ስትመጪ አይሰማም። እኔ ደግሞ የምጠብቀው በጆሮዬ ነው።»

ዝናብ ዘነበበት፣ ፀሐይ ወጣበት። ተናደደባት፣ ንዴቱ አለፈለት። ረሳችኝ አለ፣ መርሳት መብቷ ነው አለ፣ ናፈቀችኝ አለ። ማዶው ድሮም ይናፍቀው ነበር፤ አሁን ደግሞ ማዶው ውስጥ የሚያውቃት አለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ከማዶ መጣ፣ ነፋሱ ውስጥ የሞተር ድምፅ ነበር። ያጉረመርማል፣ ያርፋል፣ ትንፋሽ ያህል ይቆያል፣ ገጭ።

እማማ ዘገየች ጫፉ ላይ ብቅ አለች። ከፊት እመት አህያ፣ ከጎኗ አንዲት ሽበታም አሮጊት አህያ፣ መስታወቱ ሥር አባ እስስት። ታኮ ስሙን እስኪጠሩት ጠበቀ። መኪናዋ ቁልቁል መጣች፣ አጠገቡ ደረሰች፣ አለፈች። ሳትቆም ወደ ሜዳው ወረደች።

«እንደ ሁሉም» አለ ታኮ።

ሜዳው ላይ ሞተሩ አልጠፋም። መኪናዋ ዞረች። ያጉረመርማል፣ ያርፋል፣ ገጭ። እማማ ዘገየች ሽቅብ እየመጣች ነው። መጣች፣ መጣች፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ያወቀ ሁሉ በማይቆምበት ቦታ፣ ታኮ ትይዩ ቆመች። እመት አህያ ግራ እግሯን ፍሪሲዮኑ ላይ፣ ቀኟን ፍሬኑ ላይ አድርጋ ያዘቻት። ንቅንቅ የለም።

«ቁልቁል ስወርድ ያላቆምኩት አፍንጫዋ ወደ ሜዳው ስለዞረ ነው» አለችው። «የምወስድህ ወደላይ ነው። እናቴን ተዋወቃት።»

ሽበታሟ አህያ ሻካራ በሆነ ድምፅ «ድምፄ አርጅቶ ከድቶኝ ነው እንጂ አለሁ ልጄ» አለችው። «ስላንተ ስትነግረኝ ነው የመጣችው።»

ታኮ እማማ ዘገየችን አያት፣ የቆሙትን ጎማዎች አያቸው። «እኔ እኮ አላስፈልግሽም» አለ።

«አዎ፣ አታስፈልገኝም።»

«ታዲያ ለምን ቆምሽ?»

«ናፍቀኸኝ» አለች እመት አህያ።

አሮጊቷ ወርዳ ታኮን በቀሩት ጥርሶቿ አነሳችው፣ የራሷን ወንበር ለቀቀችለት፣ እሷ ወደኋላ ሄደች። ታኮ በተወለደ ስንት ዘመኑ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጎማው ሥር ማንም አልነበረም። በግራ እግሯ ትንሽ ለቅቃ አረፈች፣ ትንሽ ለቅቃ አረፈች። አንድ ጆሮዋ ወደፊት ነበር፣ አንዱ ወደ እሱ።

«ልሂድ...» አለች እማማ ዘገየች።

ሄዱ። ከጫፉ ማዶ ምን እንዳለ ልትጠይቁኝ ነው። ታኮ ተመልሶ ሲጠይቁት «ማዶማ፣ ምኑ ይወራል» ብሎ ዝም አለ፤ እኔም ከሱ የበለጠ አላውቅም። ብቻ ለሚያስፈልግህ ነገር መመለስ ጉዳይ ነው፤ ለማያስፈልግህ መመለስ ግን ናፍቆት ነው፣ ይሉ ነበር አባ እስስት፣ አረንጓዴ ሆነው።

እኔ ተረቴን እዚህ አቆምኩት፣ የእጅ ፍሬኑንም ስቤዋለሁ። እናንተ ደግሞ ነገ መንገድ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ካያችሁ፣ ሳትሳደቡ አንሱልኝ።